ሐኪምና ሕመምተኛ ስለ አንቲባዮቲክ አብረው የሚወስኑበት መንገድ፤ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር

ሳል ወይም የጉሮሮ ሕመም የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ሕመሙ የሚያሰጋ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ማወቅ፥ ሁለተኛው ቶሎ መዳን ነው። ሐኪሙም በበኩሉ ሁለት ነገር ይፈራል። የሳንባ ምች ሳያውቀው እንዳያልፍ ይፈራል፤ ሕመምተኛውም ባዶ እጁን ተመልሶ ቅር እንዳይለው ይፈራል። የሁለቱም ወገን ስጋት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም አንቲባዮቲክ በሚባለው መድኃኒት ላይ ነው። ማዘዣው ይጻፋል፥ ሕመምተኛው ይቀበላል፥ ተመሰጋግነው ይለያያሉ። መድኃኒቱ ለዚያ ሕመም ማስፈለጉንና አለማስፈለጉን ግን ከሁለቱ አንዳቸውም በግልጥ አልተናገሩም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የተነሣነው ይህ ዝምታ በምን መንገድ ሊሰበር እንደሚችል ነው። በሌላው ዓለም ሐኪምና ሕመምተኛ ተነጋግረው አብረው እንዲወስኑ የሚያደርግ አሠራር ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አስገኝቷል። ነገር ግን አሠራሩ የተፈተነው ባለጸጋ በሆኑ አገሮች ስለ ሆነ፥ እንዳለ ተገልብጦ ወደ ቤንች ሸኮና ወደ ሸካ ዞን ቢመጣ የሚስማማውም የማይስማማውም ይኖራል። በእኛ አስተያየት የማይስማማውን ለይቶ ማወቁ የሚስማማውን ከማመስገን ይበልጥ ይጠቅማል። በቅድሚያ አንድ ነገር እናመልክት፤ «ሐኪም» ስንል ጤና መኮንኑንና ነርሷንም ጭምር ማለታችን ነው። ገበሬው ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ስለሚጠራ እኛም የእርሱን ልማድ ብንከተል የሚያስነቅፈን አይመስለንም።

እንደሚታወቀው አንቲባዮቲክ የሚገድለው ወይም እንዳይራባ የሚያግደው ባክቴሪያን ነው፤ ቫይረስን አይነካም። ተራ ጉንፋን፥ ኢንፍሉዌንዛ፥ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም፥ ጤነኛ በነበረ ሰው ላይ በድንገት የሚነሣውም አብዛኛው የደረት ሳል በቫይረስ የሚመጡ ናቸው። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፥ አጣዳፊ ብሮንካይትስ የያዘው ሰው አንቲባዮቲክ ቢወስድ የሳሉ ዘመን የሚያጥርለት በግማሽ ቀን ያህል ብቻ ነው። የጉሮሮ ሕመምን የሚያሳጥረው በ16 ሰዓት ገደማ ነው። ለተራ ጉንፋን ግን ምንም አይጠቅምም።

ታዲያ መድኃኒቱ ለምን እንዲህ ይወደዳል? ምክንያቱ የሕመሙ አካሄድ ነው። ሰው ጉንፋን በያዘው ቀን ወደ ሐኪም አይሄድም፤ የሚሄደው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፥ ሕመሙ እጅግ በበረታበት ሰዓት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሕመሙ በገዛ እጁ ወደ መቅለል ያዘነብላል። በዚያው ቀን እንክብል የተሰጠው ሰው እንክብሉ እንዳዳነው ቢያምን አያስደንቅም፤ በዓይኑ ያየው ነገር ነውና። ሳሉ ግን ቶሎ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ካልተገለጠ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጆርጂያ ክፍለ ሀገር ነዋሪዎች ሳል ስንት ቀን ይቆያል ተብለው ሲጠየቁ ከ7 እስከ 9 ቀን ብለው መልሰዋል፤ በጥናቶች ተለክቶ የተገኘው አማካይ ዘመን ግን ወደ 18 ቀን ይጠጋል። ስለዚህ በአሥረኛው ቀን የሚያስል ሰው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም፥ የበረታ ይሰጠኝ» እያለ ይመለሳል። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ቀኑን ቆጥሮ ቢነግረው ኖሮ ይህ ሁለተኛ ማዘዣ ባልተጻፈም ነበር።

ከዚህ ላይ ስለ ሐኪሙም ፍርሃት መናገር ያስፈልጋል። በ1997 በአውስትራሊያ በተደረገ ጥናት መድኃኒት እንዲሰጠው የሚጠብቅ ሕመምተኛ ከማይጠብቀው ይልቅ ሦስት ጊዜ ያህል መድኃኒት የማግኘት ዕድል ነበረው። ሐኪሙ «ይህ ሰው መድኃኒት ይጠብቃል» ብሎ ያሰበ እንደ ሆነ ግን ዕድሉ ወደ አሥር ጊዜ ከፍ ብሏል። እንግዲህ ማዘዣውን ይበልጥ የሚጽፈው የሕመምተኛው ፍላጎት ሳይሆን ሐኪሙ በልቡ የገመተው ፍላጎት ነው ማለት ነው። ግምቱን በጥያቄ ለማጣራት የሚያስፈልገው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ይህን ጥያቄ መጠየቅ በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ ገና ልማድ አልሆነም።

መድኃኒቱ ባይጠቅም እንኳ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ተቅማጥ፥ ማስመለስ፥ የቆዳ ሽፍታ፥ አንዳንድ ጊዜም ብርቱ አለርጂ ያስከትላል። ከዚህም ሌላ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል። ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል፤ የሚለምደው ግን ሰውነቱ ሳይሆን በሰውነቱ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። ይህን ነገር ለቡና ገበሬ ማስረዳት ለሌላው ሰው ከማስረዳት ይቀላል ብለን እናምናለን። ሲቢዲ እየተባለ የሚጠራው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ በ1971 ሲታይ ብዙ ዛፍ ፍሬውን አጣ፤ በዚያው በታመመው የቡና ጫካ መካከል ግን ፍሬያቸው ያልተነካ ጥቂት ዛፎች ተገኙ። የጅማ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከእነዚህ ከተረፉት ዘር ወስደው አራቡ፤ ዛሬ በቤንችና በቴፒ ገበሬው በቁጥር የሚጠራው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ ከእነርሱ አንዱ ነው። በሽታው ደካማውን ጠርጎ ብርቱውን አስቀረ፥ ሰውም ብርቱውን አባዛ። አንቲባዮቲክም በባክቴሪያ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ደካማውን ይጠርጋል፥ የማይነካው ይተርፋል፥ የተረፈውም ይራባል። ልዩነቱ በቡናው የተረፈው ወዳጃችን ሲሆን በዚህኛው የተረፈው ጠላታችን መሆኑ ነው።

ይህ ጉዳት የሚደርሰው በሩቅ በማይታወቅ ሰው ላይ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በ2010 ተጠቃለው የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት አንቲባዮቲክ የወሰደው ሰው ራሱ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ተሸክሞ ይቆያል፤ ይህም በመጀመሪያው ወር የበረታ ሲሆን እስከ 12 ወር ሊዘልቅ ይችላል። ዛሬ ለጉንፋን የወሰደው ሰው በሚመጣው ክረምት እውነተኛ የሳንባ ምች ቢይዘው ያው መድኃኒት ሊከዳው ይችላል። በዓለም ሁሉ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት እንደ ሞቱ ተገምቷል፤ ሸክሙም ከሁሉ የከፋው ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አብሮ መወሰን ማለት ሕመምተኛው የፈለገውን ማዘዝ አይደለም፤ ወይም ሐኪሙ የወሰነውን በለሰለሰ ቃል መንገርም አይደለም። ሐኪሙ ሕመሙ ምን ሊሆን እንደሚችል፥ ሳይታከም ስንት ቀን እንደሚቆይ፥ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚጠቅምና ምን ያህል እንደሚጎዳ ያውቃል። ሕመምተኛው ደግሞ ምን እንደሚያስፈራው፥ ከቤቱ እስከ ጤና ጣቢያ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፥ በኪሱ ስንት ብር እንዳለ፥ ከመምጣቱም በፊት ምን እንደ ዋጠ ያውቃል። አንደኛው ዕውቀት ያለ ሁለተኛው ጎዶሎ ነው። ሁለቱ በገበታ ላይ ሲቀርቡ የሚገኘው ውሳኔ አብሮ የተወሰነ ይባላል።

ይህ አሠራር በእርግጥ ለውጥ ያመጣ እንደ ሆነ የተጣራው በ2015 በታተመ የኮክሬን ጥናት ነው። ዘጠኝ ሙከራዎች ተጠቃለው ሲታዩ በተለመደው አሠራር ከ100 ሕመምተኞች 47ቱ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላቸው፥ አብሮ መወሰንን በተማሩ ሐኪሞች ዘንድ ግን 29ኙ ብቻ ታዝዞላቸዋል። ሕመምተኞቹ ቅር አላላቸውም፤ ለዚያው ሕመም ተመልሰው የመጡትም ቁጥር አልጨመረም። ከእነዚህ ሙከራዎች አንዱ በዌልስና በእንግሊዝ የተደረገው ነበር። በዚያ ሙከራ ሐኪሙ ልጅ ላመጣች እናት የሕመሙን ዘመንና የአደጋውን ምልክት የያዘች ትንሽ መጽሐፍ አብሯት እያነበበ ይሰጣታል። መጽሐፉ ባልተሰጠበት ወገን 40.8 በመቶ ልጆች አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላቸው በተሰጠበት ወገን 19.5 በመቶ ብቻ ታዝዞላቸዋል። በካናዳ በኩቤክ ለሐኪሞች በተሰጠ ትምህርትም ቁጥሩ ከ52.2 ወደ 27.2 በመቶ ወርዷል።

ይህን ይዘን ወደ ሚዛን ተፈሪ ስንመለስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። አገሩ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ የማያጣው እርጥብ አገር ነው። ምግብ የሚበስለው በቤት ውስጥ በእንጨት እሳት በመሆኑ ጢሱ በሕፃናት ሳንባ ላይ የሳንባ ምችን ዕድል ይጨምራል። ቡና በሚለቀምበት ወራት በቤበቃና በቴፒ የእርሻ ድርጅቶች ከሌላ አገር የመጣ የቀን ሠራተኛ ተጠጋግቶ ይተኛል። በቆላው በኩል ደግሞ ወባ አለ። እንዲህ ባለ አገር የእናት ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። የሳንባ ምች በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው፤ አሞክሳሲሊን በወቅቱ ያገኘ ልጅ ይድናል፥ ያላገኘ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በእኛ አገር የመድኃኒቱ ችግር ሁለት ነው፤ ለማያስፈልገው ይበዛል፥ ለሚያስፈልገው ደግሞ ሳይደርስ ይቀራል። ከእንግሊዝ የተገኘውን ትምህርት «ለሳል አንቲባዮቲክ አትስጡ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ማምጣት ሕፃናትን ያስገድላል።

ደግነቱ ሕፃናትን በሚመለከት የመለያው ዘዴ በሁሉ ሰው ዓይን ፊት ሊሠራ የሚችል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው ሳል የያዘው ልጅ ሳያለቅስ ተረጋግቶ ሳለ ትንፋሹ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60፥ ከ2 እስከ 11 ወር ከሆነ 50፥ ከ12 እስከ 59 ወር ከሆነ 40 ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ፈጣን ይባላል። ትንፋሹ ፈጣን ከሆነ፥ ወይም አየር ሲስብ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ የሳንባ ምች ነው ተብሎ ይታከማል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን በቶሎ ወደ ላይኛው ሐኪም ቤት መላክ ይገባዋል። በአገራችን ከ2011 ወዲህ ይህን ቆጠራና የሳንባ ምችን ሕክምና በየቀበሌው ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጭምር እንዲሠሩት ተደርጓል። ቆጠራው እናቲቱ እያየች፥ ድምፅ ከፍ ተደርጎ የሆነ እንደ ሆነ መመርመሪያ ብቻ መሆኑ ይቀርና የመነጋገሪያ መንገድ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አያትና አንዲት ነርስ እንዲህ ሊነጋገሩ ይችላሉ።

«እማማ፥ ሳሉ ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው?»

«ዛሬ አራት ቀኑ ነው፥ ልጄ። ያንን ሽሮፕ ስጪልኝ፤ አምና እኅቱን ያዳነልኝ እርሱ ነው።»

«እኅቱ እንኳን ዳነችልዎ። አሁን የልጁን ትንፋሽ አብረን እንቁጠር።» ይቆጠራል። «ሠላሳ ሁለት ነው፤ ደረቱም አይሰረጉድም። አርባ ቢሞላ ኖሮ ሽሮፑን እርስዎ ሳይጠይቁኝ ዛሬውኑ እሰጥዎ ነበር። ይህ ጉንፋን ነው፤ ሽሮፑ አይነካውም፥ ሆዱን ግን ሊያስቀምጠው ይችላል። እርስዎን የሚያሰጋዎ ምንድን ነው?»

«ቤቴ ሩቅ ነው፤ ሌሊት ቢብስበትስ?»

«መጥባት ወይም መጠጣት ቢያቅተው፥ የጠጣውን ሁሉ ቢያስመልስ፥ ቢያንቀጠቅጠው፥ ወይም ፈዝዞ አልነቃ ቢል በዚያው ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይምጡ። ትንፋሹ የፈጠነ ከመሰለዎ ደግሞ በቀበሌዎ ጤና ኬላ ያስቆጥሩት፤ እዚያም መድኃኒቱ አለ። እንዲህ ብናደርግ ይስማማዎታል?»

በዚህ ንግግር ነርሷ የአያቲቱን ያምና ትዝታ አላንቋሸሸችም፤ በቁጥር አጠገብ አስቀመጠችው እንጂ። «እርስዎን የሚያሰጋዎ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄም ሽሮፕ ከመፈለጉ በስተጀርባ ያለውን የሌሊቱን ፍርሃት አወጣው። ሽሮፑ የተፈለገው ለሳሉ ሳይሆን ለሌሊቱ ነበር።

አዋቂ ሰውን በሚመለከት ግን ሌላ እክል አለ። ከላይ እንደ ተመለከተው ተራ ሳል 18 ቀን ያህል ይቆያል። የእንግሊዝ ሐኪም ለሕመምተኛው «ሦስት ሳምንት ጠብቅ» ሊለው ይችላል። በኢትዮጵያ ግን ይህን ማለት አይቻልም፤ አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ስለ ሆነች ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ሁሉ አክታው እንዲመረመር መመሪያው ያዝዛል። ስለዚህ ንግግሩ «እስከ ሁለት ሳምንት በራሱ ሊለቅ ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ከሞላው ግን ለአክታ ምርመራ ና» የሚል መሆን አለበት። ሲፕሮን የመሰሉ መድኃኒቶች ለሳል በከንቱ ሲሰጡ የነቀርሳውን ባክቴሪያ ለጊዜው ስለሚያዳክሙት በሽታው ሳይታወቅ እንዲዘገይ ያደርጋሉ። ይህ ብቻውን «ሲፕሮ ስጠኝ» ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው ብለን እናስባለን።

የጉሮሮ ሕመምም እንዲሁ ሚዛኑ ይለወጣል። በአውሮፓ ለጉሮሮ ሕመም ፔኒሲሊን ሳይሰጡ መቅረት ብዙ አያሰጋም። በእኛ አገር ግን በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳትን፥ ቀጥሎም የልብ በሽታን ማስከተሉ ገና አልቀረም፤ የሚጠቁትም ይበልጡን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ትኩሳት ያለው፥ ሳል የሌለው፥ ቶንሲሉ መግል የያዘና የአንገቱ እጢ ያበጠ ተማሪ ልጅ ፔኒሲሊን ቢሰጠው የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ሕመሙ ከጀመረ እስከ 9ኛው ቀን ድረስ ቢሰጥም የሩማቲክ ትኩሳትን ሊከላከል ስለሚችል ለመነጋገር ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወላጁን «እንጥሉ ወርዷል ብላችሁ ልታስቆርጡት አስባችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነገሩ ካልተጠየቀ አይነገርም፤ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም ያፈሳል፥ ቁስሉም ያመረቅዛል።

ስለ ወባ ባጭሩ እንናገር። በቴፒ ቆላ ትኩሳት የያዘው ሰው ጣቱ ተወግቶ ደሙ በፈጣን መመርመሪያ ይታያል። ወባ አይደለም ከተባለ በኋላ ሐኪሙም ሕመምተኛውም «ታዲያ ምንድን ነው?» በሚል ባዶ ስፍራ ላይ ይቆማሉ፤ ባዶው ስፍራም በአንቲባዮቲክ ይሞላል። በ2017 በአፍሪካና በአፍጋኒስታን የተደረጉ አሥር ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ወባ ከተገኘባቸው 40 በመቶ፥ ካልተገኘባቸው ግን 69 በመቶ አንቲባዮቲክ ታዝዞላቸዋል። «ወባ የለብህም» የሚለው ቃል የምርመራ መጨረሻ ሆኖ ቀርቶ የንግግር መጀመሪያ ካልሆነ በስተቀር አንዱን መድኃኒት ማዳን ሌላውን ማባከን ይሆናል።

አሁን የምንመጣበት ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ነው። በእንግሊዝ አገር «የዘገየ ማዘዣ» የሚባል ልማድ አለ። ሐኪሙ ማዘዣውን ጽፎ ይሰጥና «ዛሬ አትግዛው፤ በጥቂት ቀን ካልተሻለህ ግዛ» ይላል። በ2017 በተጠቃለለ ጥናት መድኃኒቱ ወዲያው ከተሰጣቸው 93 በመቶ ሲወስዱት ማዘዣው ከዘገየላቸው የወሰዱት 31 በመቶ ብቻ ናቸው። ነገር ግን ይህ ዘዴ መንገድ አጭር መሆኑን አስቀድሞ ያምናል። በሚዛን ከተማ ለሚኖር ነጋዴ ሁለት ቀን መጠበቅ ምንም አያስወጣውም፤ መድኃኒት ቤቱ ከሱቁ አጠገብ ነው። ከጫካው መካከል ግማሽ ቀን በእግሩ ለመጣ ገበሬ ግን መጠበቅ ማለት ሌላ የሥራ ቀን፥ ምናልባትም በዝናብ የሞላ ወንዝ ማለት ነው። የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍለው ሕመምተኛው ብቻ ከሆነ፥ ውሳኔው አብሮ ተወሰነ ሊባል አይችልም።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ ሩቅ ለሚሄደው አዋቂ ሰው መድኃኒቱን አስይዞ፥ በምን ምልክት እንደሚጀምረው አስረድቶ መስደድ ይሻላል ብለዋል፤ ምልክቱም የትንፋሽ ማጠር፥ ሲተነፍስ የደረት ውጋት፥ ወይም ከቀለለ በኋላ እንደ ገና የተነሣ ብርቱ ትኩሳት ነው። ሌሎቹ ደግሞ መድኃኒቱ ከቤት ከገባ በዚያው ማታ ይጀመራል፥ ወይም ለጎረቤት ይከፋፈላል ሲሉ ተቃውመዋል። ተቃውሞው ውሸት አይደለም። ሆኖም ሐኪሙ ዛሬ የሚያደርገው «ዛሬውኑ ጀምር» ብሎ ማዘዝ ስለ ሆነ አስይዞ ማቆየቱ ከዚያ የባሰ ሊሆን አይችልም። በቡና እርሻ ሰፈር ለሚኖረው ለቃሚ ግን አስተያየታችን ልዩ ነው። የእርሻ ክሊኒክ በአቅራቢያው ካለ መመለሱ ቀላል ነው፤ ለእርሱ የሚከብደው መንገዱ ሳይሆን ከሥራ መቅረቱ ነው፤ በየቀኑ በለቀመው ልክ ስለሚከፈለው ዕረፍት የጎደለ ደመወዝ ነውና። «ዕረፍ፥ ትኩስ ነገር ጠጣ» የሚል ምክር ለዚህ ሰው ምክር አይሆንለትም። እንዲህ ያለው ሰው እንክብሉን የሚፈልገው ነገ ጧት ቅርጫቱን ለመሸከም ነው። ሐኪሙ ይህን ከሰማ ቢያንስ ለትኩሳቱና ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ሊሰጠው፥ አንቲባዮቲክም ወደ ሥራው ፈጥኖ እንደማይመልሰው በቀን ቆጥሮ ሊያስረዳው ይችላል።

የቋንቋም ነገር አለ። በቤንች ሸኮና በሸካ ዞን ቤንችኛ፥ ሸኮኛ፥ ሜኢንኛ፥ ሸክኛ፥ ከፍኛና ማጃንግኛ ይነገራሉ፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አማርኛን ነው። አስተርጓሚ የሚሆነው አብሮ የመጣ ዘመድ ወይም ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛ ነው። ሐኪሙ አምስት ዓረፍተ ነገር ሲናገር አስተርጓሚው በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። በዚህ ላይ የአክብሮት ልማዳችን ይጨመራል፤ «ምን ይሻልዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ «እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ስምምነት ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ትርጉሙ «አልገባኝም»፥ አንዳንድ ጊዜም «ከዚህ ወጥቼ ከመድኃኒት ቤት እገዛለሁ» ነው። «ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» ከማለት «ከዚህ ወጥተው ምን ያደርጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያናግራል።

በእርግጥም መድኃኒት ቤቱ የንግግሩ ሦስተኛ ወገን ነው። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ያለ ማዘዣ መሸጥ የማይገባውን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ እንዲህ ሲሆን «አንድ ረድፍ አሞክሳሲሊን» ብሎ ገዝቶ የሚሄድ ሰው አለመጥፋቱን ሁላችንም በገዛ ዓይናችን እናያለን። ሐኪሙ አያስፈልግም ያለውን ሻጩ በደቂቃ ውስጥ ካስረከበው የሐኪሙ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ባንድ ከተማ ያሉ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ለሕመምተኛው አንድ ዓይነት ቁጥርና አንድ ዓይነት የአደጋ ምልክት ለመንገር አስቀድመው ቢስማሙ ይገባል።

ባዶ እጅ ስለ መመለስም አንድ ቃል እንጨምር። የሸካና የቤንች ጫካ ማር፥ የቴፒም ዝንጅብል በአገሩ ሞልቷል። ማር ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ሳልን ለማስታገስ እንደሚረዳ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ግን ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ክልክል ነው። ዝንጅብል በሙቅ ውኃ ጉሮሮን ማለስለሱን ማንም እናት ታውቀዋለች። ሐኪሙ ይህን በቃል ከመናገር በማዘዣ ወረቀት ላይ ቢጽፈው ሕመምተኛው ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም።

ለጥናት የሚሆን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን መጻፍና ማንበብ ለማይችሉ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ትንፋሽን በዶቃ መቁጠር ተሞክሯል። በእኛ አካባቢ በዶቃ ፈንታ የቡና ፍሬ ቢሆን፥ በየአሥሩ ትንፋሽ አንድ ፍሬ ከእናቲቱ ፊት ቢቀመጥና አራተኛው ወይም አምስተኛው ፍሬ የአደጋው ምልክት ቢሆን፥ ቋንቋ የማይገናኙትን ሁለት ሰዎች ያገናኝ ይሆን? የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች በሁለት ጤና ጣቢያዎች ሊሞክሩት ይችላሉ፤ በአንዱ እንደ ተለመደው፥ በሌላው በፍሬ እየተቆጠረ። የሚመዘገበውም አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸው ልጆች ቁጥር፥ በ14 ቀን ውስጥ ተመልሰው የመጡት፥ ወደ ሐኪም ቤት የተላኩት፥ ከመድኃኒት ቤት በራሳቸው የገዙት፥ እንዲሁም ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ በእግር የሚያስኬደው ሰዓት ነው።